የመበለቷ በሬ፦ የአንድ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ጉዳይ

ይህ ጥናት የሁለት ረቂቆች ጉዳይ ነው። ሁለቱም አንድ ታሪክ ይተርካሉ። ሁለቱንም የጻፏቸው ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የመጀመሪያው በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ ሳይታተም ቀርቷል። ሁለተኛው የተጻፈው ከጡረታ በኋላ ጎጃም ውስጥ ነው። ረቂቅ ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ሁለቱንም አከታትዬ አነበብኳቸው። የመጀመሪያውን የጨረስኩት ሥራዬ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከያዝኩ በኋላ ግን ሳልጨርስ አልተነሣሁም። ወንጀሉ ያው፣ ወንጀለኛውም ያው፣ መንደሩም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

መምህሩ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ አልጠቅሰውም። የጠየቅኳቸውን ሁሉ ግን በትዕግሥት መልሰውልኛል፤ የድሮ ደብተሮቻቸውንም አሳይተውኛል።

አስቀድሜ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ቦታው ከቢቸና ወጣ ብሎ የሚገኝ የገጠር መንደር ነው፤ ዘመኑ የንጉሡ ዘመን፣ ወቅቱ ጤፍ የሚዘራበት ክረምት። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ተደጋግሞ ታርሶ የቀረው ዘር መበተን ብቻ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት በሬዎች አሏት፤ የሚያርስላት እርፍ መጨበጥ ገና የጀመረ ልጇ ነው። አንድ ሌሊት ከበሬዎቹ አንዱ ከበረት ይጠፋል። በማግስቱ ገደል ሥር ታርዶ ይገኛል፤ ቆዳው ግን አልተገፈፈም። ማን እንዳረደው ያየ የለም። ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ይጠራል።

አውጫጭኝን የዛሬ ወጣት ብዙም አያውቀውም፤ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ ይለዋል። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። የመጣው ሰው በየተራ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱና ወደ ሥራው አይሄድም፤ ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ጉዳቱን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

ለወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ መድረክ አላውቅም። የውጭ አገር ደራሲዎች ተጠርጣሪዎቻቸውን አንድ ቦታ ለመቆለፍ ደሴት ይፈልጋሉ፣ በበረዶ የተያዘ ባቡር ይፈጥራሉ። እኛ ዘንድ ይህንን የሚሠራው ወጉ ነው። የሰዓቱ ጭንቀትም አብሮ ይመጣል፤ ዝናቡ እየወረደ፣ የእያንዳንዱ ሰው ዘር ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ፣ የመዝሪያው ጊዜ እያለፈ ነው። ንጹሑ ሰው ሳይቀር ቶሎ አንድ ስም ተጠርቶ ወደ እርሻው ለመሄድ ይቸኩላል። ይህ ችኮላ ነው ታሪኩን አደገኛ የሚያደርገው፤ የሚጠራው ስም የግድ የእውነተኛው አጥፊ መሆን የለበትም። እንደተፈራውም መጀመሪያ የሚጠራው በከብት ሌብነት የሚታማው ሰውዬ ነው። ቀጥሎ የሚጠራው ባለፈው ዓመት እህሉን በረዶ የመታበት ድሀ ነው፤ ርቦት አርዶ ሊበላ ፈልጎ ይሆናል ተብሎ።

በሬውን ያረደው ግን የሟች ባሏ ወንድም ነው። ሴቲቱ ጥማዷ ከጎደለ መሬቷን ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሚካፈላት አራሽ፣ ከመስጠት ሌላ አማራጭ አይኖራትም፤ እኩል አራሹ ደግሞ እርሱ ይሆናል። አንድ ጊዜ በእኩል ከያዘ በኋላ ቀስ በቀስ ሊወርሰው አስቧል።

እዚህ ድምዳሜ ላይ የሚደረስባቸው ሁለት ፍንጮች አሉ፤ ሁለቱም ከአገሬው ኑሮ የተቀዱ ናቸው። አንደኛው ጾሙ ነው። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙበት። በፍልሰታ ሥጋ ሊበላ ብሎ በሬ የሚያርድ ሰው በዚያ መንደር አይገኝም፤ ስለዚህ ረሃብ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው መቀናጆ ነው። የባሏ ወንድም ራሱ አንድ በሬ ብቻ ነው ያለው። አንድ በሬ የቀራትን የወንድሙን ሚስት ያዘነላት ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ሐሳብ የእርሱን በሬ ከእርሷ ጋር አቀናጅቶ በየተራ ማረስ ነው። እርሱ ግን ሲያጽናናት የሚያወራው ስለ እኩል ብቻ ነው። መቀናጆ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም።

ሁለቱም ረቂቆች ይህንኑ ታሪክ ይይዛሉ። ልዩነቱ ያለው አተራረኩ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ወንጀሉን የሚያወጣው ሽጉጥ የታጠቀ፣ በመኪና ከአዲስ አበባ የመጣ መርማሪ ነው። ክረምት ላይ መኪናው እንዴት እዚያ መረሬ ውስጥ እንደገባ አይነገረንም። ምዕራፉ ሲከፈት ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል፤ ስለዚህ ቀልጠፍ ያለ አንባቢ መርማሪው ከመኪናው ሳይወርድ መልሱን ያገኘዋል። መቀናጆም በአንድ ሙሉ ገጽ ይብራራል። ገደሉ፣ ዝናቡ፣ የሴቲቱ ለቅሶ፣ ሁሉም ይገለጻል፤ ግን የሚናገረው ሰው ማንን እያየ እንደሚናገር አይታወቅም።

በሁለተኛው ረቂቅ መርማሪው የለም። በእርሱ ፈንታ የገቡት አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ናቸው። የኔታ አውጫጭኙ ላይ እንደማንኛውም ሰው ተጠርተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የሰውን ፊት ስለማያዩ የሚመዝኑት ንግግሩን ብቻ ነው። ፍልሰታ የሚለው ቃል እስከ መጨረሻው ድረስ የትም አይገኝም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን አንድ ማክሰኞ ቄሱ ቅዳሴ ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ እንደነበር እግረ መንገዱን ይነገረናል። ማክሰኞ የዘወትር የጾም ቀን አይደለም። በአዘቦት ማክሰኞ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው በትልልቆቹ አጽዋማት ወራት ነው፤ ጤፍ በሚዘራበት ክረምት ደግሞ የሚገኘው ጾም አንድ ነው። መልሱ ከፊታችን ተቀምጦ እያለ አልፈነው እንሄዳለን። ይህ ቅኔ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ የቅኔ መምህራን ውስጠ ወይራ የሚሉት፣ ምሥጢሩን በሌላ ነገር ውስጥ የመደበቅ መንገድ።

መምህሩ ቅኔ ተምረዋል። እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል።

የተወለዱት እነማይ ነው። ተረት የለመዱት ከአያታቸው ነው፤ አያታቸው ጥጥ እየፈተሉ ማታ ማታ ተረት ተረት ሲሉ ልጆቹ የላም በረት ይላሉ። አያታቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ተረቱ ጅቡ በር ላይ ደርሶ ወይም ጋኔኑ ሰው መስሎ ገብቶ ልጆቹ እስትንፋሳቸውን ሲይዙ ዝም ብለው እንዝርታቸውን ያሾሩ ነበር። ልጆቹ እስኪለምኑ ድረስ አይቀጥሉም። መምህሩ ይህንን ዝምታ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፤ ያስተማረኝ እርሱ ነው ይላሉ።

ከዚያ አባታቸው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሰደዷቸው። በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው የበሉበት፣ ቅኔ የቆጠሩበት ጊዜ ረጅም አልነበረም፤ ዘመኑ ተለውጦ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምረው ጥቂት ደረጃ ወጡ እንጂ እስከ መወድስ እንኳ አልዘለቁም። ቢሆንም ሁለት ነገር ቀርቶላቸዋል። አንደኛው ሰምና ወርቅ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል። ሁለተኛውን እኔ የበለጠ እመዝነዋለሁ። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ጫካ ገብቶ የቆጠረውን ቅኔ ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ካልሰመረ እዚያው ይታረማል፣ ይሰበርበታል። ያማረ ከሆነ ደግሞ የመምህሩ ፊት ይፈታል። የልጁ ድካም ዋጋ የሚያገኘው በሚሰማው ሰው ፊት ነው።

ሬዲዮውም አለ። ሁላችንም እንደምናውቀው በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ አገር ሥራ ያስፈታ ነበር። ለጎጃም ልጅ ግን ሌላም ነገር ነበረው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ ነው። መምህሩ ያን ጊዜ የተረዱት የእነርሱ ሰፈር፣ የእነርሱ ቄስና የእነርሱ ጭቃ ሹም ታሪክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ አልዘገይም፤ የእርሳቸው ትውልድ ጸሐፊዎች ሁሉ ስለዚያ ድምፅ የሚሉት ተመሳሳይ ነው።

ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መምህሩ ገና ተማሪ እያሉ ከዙሮቹ በአንዱ ዘመቱ፤ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ ፊደል ለመቁጠር የመጡ ገበሬዎችን እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ሰዎቹ ይደክማቸዋል፣ ይተኛሉ፣ ይቀራሉ። ዘማቹ ዘዴ አገኙ፤ የትምህርቱ ሰዓት ሲያበቃ ከአንድ የወንጀል ታሪክ ጥቂት ይተርካሉ፣ ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቋርጣሉ፣ ነገ ፊደሉን አጥንቶ ለመጣ ቀሪውን እነግራለሁ ይላሉ። የአያታቸው ዝምታ ነው፤ ርዝመቱ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሆነ። ሽማግሌዎቹ ገዳዩ ማን እንደሆነ በእርሻ ላይ ሲከራከሩ ይውሉና ማታ ግምታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። በኔ ግምት መምህሩ የወንጀል ጸሐፊ የሆኑት እዚያ ነው። ተረት ሰሚ መጨረሻውን ይጠብቃል። የወንጀል ታሪክ ሰሚ ግን ከተራኪው ጋር ይሽቀዳደማል፤ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ሲሳሳት ይናደዳል። ይህንን ሽቅድድም አንድ ጊዜ የቀመሰ ተራኪ ወደ ሌላ ዘውግ ለመሄድ ይቸገራል።

ከዚያ አስተማሪ ሆኑ። በምሥራቅ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲዘዋወሩ በደብተር ላይ የጻፏቸው ታሪኮች ከእጅ ወደ እጅ ይሄዱ ነበር፤ በየከተማው መጽሐፍ እያከራዩ የሚተዳደሩ ልጆች እንኳ ከታተሙት መጻሕፍት ጎን እያስቀመጡ ያከራዩአቸው ነበር። ያየኋቸው ደብተሮች ጠርዛቸው አልቋል፤ ዘይትና ቡና ፈስሶባቸዋል። በመጨረሻ ገጻቸው ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ አንባቢው መልሱን ከማየቱ በፊት የወንጀለኛውን ስም እንዲጽፍበት የተተወ ነው። በተለያየ የእጅ ጽሑፍ የተሞሉትን ግምቶች ሳነብ ዋልኩ። ከታሪኮቹ አንዳንዶቹ ደካማ ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም የሞቱ አይደሉም።

በ1985 የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጣ፤ ቅድመ ምርመራ ቀረ፤ መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። መምህሩም ተከታታይ ታሪክ የሚያወጣላቸው መጽሔት ሲያገኙ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። የዚያ ዘመን ነገር አጭር ነው። መጽሔቱ ቶሎ ተዘጋ። ቀጥሎ ያገኟቸው አሳታሚ የሽፋኑን ሥዕል አስቀድመው ወሰኑላቸው፤ ሽጉጥና ደም ያለበት። ገጹ ስንት እንደሚሆን፣ መርማሪው ከየት እንደሚመጣ ተነገራቸው። መምህሩ የተከራዩት ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ጻፉ። ማንም አልሰማውም፣ ማንም በመሀል ገብቶ አልተከራከረም። የመበለቷ በሬ የመጀመሪያ ረቂቅ የተወለደው እንዲህ ነው። አሳታሚውም መጨረሻ ላይ አልፈለጉትም። መምህሩ ወደ ማስተማሩ ተመለሱ፤ ለብዙ ዓመትም ምንም አልጻፉም።

ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህንን ሲሰሙ የገበያ ተጽዕኖ ነው ብለው ያልፉታል። የወንጀል ልብ ወለድ ከመጀመሪያውም የገበያ ዕቃ ነው የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ያናድደኛል። ገበያው በራሱ መምህሩን አልጎዳቸውም፤ በኪራይ የሄዱት ደብተሮችም ገበያ ላይ ነበሩ። የጎዳቸው በእርሳቸውና በአንባቢያቸው መካከል አንባቢውን አውቀዋለሁ የሚል ሰው መቆሙ ነው። አሳታሚው የሚያወሩለት አንባቢ ፊት የለውም፤ አያዛጋም፣ አይገምትም፣ ወይዘሮ እገሊት ተብሎ አይጠራም። መምህሩ ለእንዲህ ዓይነት አንባቢ መተረክ አልቻሉበትም።

ከጡረታ በኋላ ደብረ ማርቆስ ቤታቸው ውስጥ ለልጅ ልጆቻቸው መተረክ ጀመሩ። የጎረቤት ልጆች ተጨመሩ፤ ከዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፤ ከዚያ ቡና ሊጠጡ የመጡ እናቶች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ ቀኑ። የድሮውን ረቂቅ አውጥተው ማንበብ ሲጀምሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ልጆቹ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። መምህሩ ረቂቁን ዘግተው ያንኑ ታሪክ በቃላቸው አወሩት። ልጆቹ ተመለሱ። ሁለተኛው ረቂቅ የተጻፈው በዚያ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ይነገራል፣ ከዚያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይነበባል፣ ከዚያ ይታረማል።

የእጅ ጽሑፉ ኅዳግ ላይ ማስታወሻዎች አሉ። አንድ ቦታ ላይ እዚህ አዛጉ ይላል። ሌላ ቦታ ትንሹ ልጅ አወቀብኝ ይላል፤ ከጎኑ ያለው አንቀጽ ተሰርዟል። በአንድ ንባብ ላይ እኔም ተገኝቻለሁ። መቀናጆ የሌለበት የማጽናናት ንግግር ሲነበብ ከገጠር ለዘመድ ጥየቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ በጥርጣሬ አጉረመረሙ፤ ተማሪዎቹ ግን ምንም አልገባቸውም። መምህሩ ዐይናቸውን ከወረቀቱ አንሥተው ሽማግሌውን አዩአቸውና ዝም አሉ። ሽማግሌውም ዝም አሉ። ሁለቱ ተግባብተዋል፤ ምሥጢሩ እስከ መጨረሻው ለተማሪዎቹ ተጠበቀላቸው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የቋንጣው ነገር ነው። መጀመሪያ ሲነገር በሬው ታርዶ፣ ሥጋው ተወስዶ ነበር የሚገኘው። የኔታ በጾም ሥጋ የሚበላ የለም ብለው ድሀውን ነጻ ሲያወጡ አንዲት እናት አቋረጡ። ቋንጣ አድርጎ ለፍስክ ሊያቆየው አይችልም ወይ አሉ። መምህሩ መልስ አልነበራቸውም፤ ታሪኩ እዚያው ፈረሰ። በሚቀጥለው እሑድ በሬው ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ሥጋው ሳይነካ ገደል ሥር ተገኘ። እኔን ጨምሮ ሙያችን ነው የምንል አንባቢዎች ይህንን ቀዳዳ አናየውም ነበር። ቋንጣ ዘልዝሎ የሰቀለ ሰው ነው የሚያየው።

ረቂቁ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። መበለቷ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም፤ አውጫጭኙ የወንዶች ሸንጎ ነው ቢባልም ቤት ውስጥ ከልጇ ጋር የምታወራው እንኳ ጥቂት ነው። ይህንን ነግሬያቸዋለሁ። የከበደኝ ሌላው ጥያቄ የአንባቢው ነበር። ይህ ታሪክ ደብረ ማርቆስ ላይ በጆሮ ሲሰማ ይሠራል፤ ጅማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ብቻውን ለሚያነብ፣ የቅዳሴ ሰዓት ለማያውቅ ሰውስ? ማክሰኞው ምንም አይነግረውም። መጨረሻ ላይ ሲገለጥለት ያልተሰጠው ፍንጭ መስሎ ይሰማዋል፤ በዚህ ዘውግ ደግሞ አንባቢን እንደማጭበርበር ያለ ጥፋት የለም። የግርጌ ማስታወሻ እንዲጨምሩ ሐሳብ ሲነሣ መምህሩ አሻፈረኝ አሉ፤ እኔም አልወደድኩትም። ያገኘነው መፍትሔ አንድ ሕፃን ነው። ከቄሱ መመለስ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ልጅ ወተት ስጡኝ ብሎ ያለቅሳል፤ ላሟ ታልባ ማለቢያው ሞልቶ ሳለ እናቱ ሽሮ ታቀርብለታለች። ጾም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ማንም ኢትዮጵያዊ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ከዚህ ሊነሣ ይችላል። እሑድ ሲነበብ ከተማሪዎቹ ያስተዋለው የለም፤ መልሱ ሲገለጥ ግን ወተቱን ያስታወሱት ብዙዎች ነበሩ።

መጽሐፉ ገና አልታተመም። የወረቀት ዋጋ እንደምታውቁት ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ከፍሎ ካላሳተመ በቀር ለአዲስ ስም ገንዘቡን የሚያወጣ አሳታሚ ማግኘት ከባድ ነው። መምህሩ ይህ ያን ያህል አላስጨነቃቸውም። አሁን ሌላ ታሪክ ጀምረዋል፤ ስለ ሌባ ሻይ። በድሮ ጊዜ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ልቡን ሲስት ባለሙያው ወገቡን ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። መምህሩን የሳባቸው ልጁ የት እንደሚወድቅ በስውር የሚመራው ማን ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ለእሑድ አድማጮቻቸው አንብበውላቸው ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳይጨርሱ ባለሙያው ራሱ ሌባ ነው ብላ ገመተች። ትክክል ነበረች። መምህሩ ጅማሬውን እንደ አዲስ እየጻፉት ነው።